«ፖምፓው ሞተ መሰለኝ»

በግንቦት 2014 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ደባርቅ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሦስት ቃላት ብቻ ያሉት መልእክት ላከልኝ፦ «ፖምፓው ሞተ መሰለኝ»። መልእክቱ ሲደርሰኝ ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን ሰማሁ፤ ሦስተኛውን ዘለልሁት። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች የተዘለለች ቃልና መዘለሏ ስላስከፈለን ዋጋ ነው።

መኪናው በእኛ አገር ሃርድቶፕ የሚባለው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሳህን «ኤች ዜድ ጄ 78 ኤል» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የሞተሩን ቤተሰብ፣ «ጄ» ላንድክሩዘርነቱን፣ ቁጥሩ የአካሉን ዓይነት፣ «ኤል» ደግሞ መሪው በግራ በኩል መሆኑን ይናገራሉ። ሞተሩ «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለው ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,163 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒውተር የማያውቀው የናፍጣ ሞተር። ወንድሜ መኪናውን የገዛው አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲሸጠው ነበር። የመኪናው ታሪክ የብዙ አቻዎቹ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ቶዮታ ጂብራልታር ስቶክሆልዲንግስ የተባለው ኩባንያ ለተባበሩት መንግሥታትና ለግብረ ሠናይ ድርጅቶች እንዲህ ያሉ መኪኖችን ማቅረብን ሥራዬ ብሎ ይዟል። መኪናው ለድርጅቱ ያገለግላል፤ ዕድሜው ሲገፋ በጨረታ ይሸጣል፤ ሁለተኛውንና ረጅሙን ሕይወቱንም በግለሰብ እጅ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ዘመን የሚጠግነው ድርጅቱ ነው። የሁለተኛውን ዘመን የሚጠግነው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው።

ወንድሜ በመኪናው ጎብኚዎችን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያመላልስ ነበር። ጦርነቱ ጎብኚውን ካጠፋ በኋላ መኪናው የእህል፣ የለቅሶተኛና የሕመምተኛ ማመላለሻ ሆነ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት ለሚታመም ሰው ያ መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሊነሣ ፈቃደኛ በሆነ ሞተር ነው።

መልእክቱ በደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን ፖምፓ አገኘሁ። ከለንደን ውጭ ያለ አሮጌ መኪና የሚያፈርስ ነጋዴ «ለ4.2 ናፍጣ ላንድክሩዘር ይሆናል» አለኝ፤ 640 ፓውንድ ከፈልሁ። ናፍጣ የሚሸት ዕቃ አውሮፕላን ላይ እንደማይጫን ስለማውቅ አንድ ሙሉ ምሽት በኩሽናዬ ውስጥ አጠብሁት፤ አደረቅሁት፤ በፎጣ ጠቅልዬ ወደ አዲስ አበባ ለምትሄድ የማውቃት ሰው ሰጠሁ። በዚያን ምሽት የተሰማኝን እርካታ ዛሬም አስታውሳለሁ። እጄ ጥቁር ነበር፤ ወጥ ቤቴ ጋራዥ ጋራዥ ይሸት ነበር፤ ለወንድሜ ግን ደርሼለታለሁ ብዬ አመንሁ።

ስህተቱ ድርብ ነበር። የመጀመሪያው «4.2 ናፍጣ» በሚለው ስም ውስጥ ተሸሽጓል። ቶዮታ በዚህ መጠን ሁለት የተለያዩ ሞተሮችን ሠርቷል። አንዱ ቱርቦ የሌለው «ዋን ኤች ዜድ»፣ ሌላው ባለቱርቦው «ዋን ኤች ዲ» ነው። ለብሪታንያ ገበያ በይፋ የቀረቡት ባለ4.2 ላንድክሩዘሮች ባለቱርቦዎቹ ነበሩ፤ የእነርሱ ፖምፓ የቱርቦውን ግፊት እየለካ ናፍጣ የሚጨምር ክፍል አለው። በወንድሜ ሞተር ላይ ግን የሚለካ የቱርቦ ግፊት የለም። ነጋዴው ዋሽቶኛል አልልም። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁትም። ሁለታችንም የተነጋገርነው ስለ አንድ ስም እንጂ ስለ አንድ መኪና አልነበረም።

ለንደን ሁሉ ነገር ያለበት ከተማ ነው የሚለው እምነት አብዛኞቻችንን ያሳስታል። ለአሮጌ ላንድሮቨር ከሆነ እውነት ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠራው በዚህ አገር ነው፤ ዕቃውም በየመጋዘኑ አለ። ለኢትዮጵያ ላንድክሩዘር ግን እንግሊዝ ደካማ ገበያ ነው። ሞተሩ የተለየ ነው፤ መሪውም የተቃራኒ ወገን ነው። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ከተዛወረች ወዲህ የእንግሊዝ መኪና የመሪ ሳጥን፣ የፍሬን ቱቦ አቀማመጥ፣ የዝናብ መጥረጊያ ማያያዣ፣ ሌላው ቀርቶ የፊት መብራቱ የብርሃን አቅጣጫ እንኳ ለእኛ አይሆንም። በኢትዮጵያ የቶዮታ ወኪል የሆነው የሞኤንኮ አብላጫ ድርሻ ባለቤት ኢንችኬፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ነው፤ ይህ ግን ዕቃውን ለንደን አያመጣውም። ለወንድሜ መኪና የሚሆነው ዕቃ ዱባይና ሻርጃ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ታዲያ ከእኔ ዘንድ ያለው ምንድን ነው? በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ። ኪልበርን ዕቃው ያለበት ሳይሆን መክፈል የሚቻልበት ስፍራ ነው። ይህን ልዩነት ባለማየታችን ብዙዎቻችን የመክፈል አቅማችንን የማወቅ ችሎታ አድርገን እንቆጥረዋለን።

ሁለተኛው ስህተት ግን ከዚህ የከፋ ነበር፤ ፖምፓው አልሞተም ነበር።

ይህን ያወቅሁት ፖምፓው ደባርቅ ደርሶ አልገጥም ካለ በኋላ፣ በኪልበርን በባቡር ሐዲዱ አቅራቢያ አነስተኛ ጋራዥ ወዳላቸው አንድ አዛውንት የአየርላንድ ሰው በሄድሁ ጊዜ ነው። ሰውየው በወጣትነታቸው የእርሻ መኪናና ትራክተር ይጠግኑ ነበር። እኔ ስደርስ የሚጠግኑት አሮጌ ናፍጣ መኪና አልነበራቸውም። የለንደን የአየር ብክለት ቀጠና እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2021 ኪልበርንን ካጠቃለለ ወዲህ የዩሮ 6 ደረጃን የማያሟላ የናፍጣ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል፤ ስለዚህ መኪኖቹ ከሰፈሩ ወጡ። የአየሩን ንጽሕና አልቃወምም፤ እኔም የምተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ነገር ግን መኪኖቹ ሲሄዱ እነርሱን በጆሮ የሚመረምረው ዕውቀትም ያለ ሥራ ቀረ። አዛውንቱ ጥያቄዬን የሰሙበት ጉጉት የናፈቁት ወዳጅ ስሙ የተነሣላቸውን ሰው ይመስል ነበር።

ስለ ፖምፓው አንድም ቃል አልተናገሩም። የጠየቁኝ ሌላ ነው። የሚያስቸግረው ጠዋት ነው ወይስ ሁልጊዜ? አንዴ ከተነሣ በኋላ አጥፍተው ወዲያው ቢያስነሡት ይነሣል? ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? የሚጨሰው ሲነሣ ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የተነካው ነገር ምንድን ነው? ለአምስቱም ጥያቄዎች መልስ አልነበረኝም። 640 ፓውንድ ያወጣሁት ከአምስቱ አንዱን እንኳ ሳልጠይቅ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ደወልሁ። ወንድሜ መልሶቹን ሁሉ ያውቅ ነበር። አድሮ ጠዋት ላይ ይታገላል፤ ቀን ላይ ሲያጠፉት ወዲያው ይነሣል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ሲወጣ ይብሳል። መጨረሻ የተለወጠው የናፍጣ ፊልትሮው ነው፤ በሚያዝያ። እንግዲህ «ፖምፓ» ያለው የትኛውን ነው? ጋራዡ ውስጥ የሰማውን ቃል ነበር የደገመልኝ።

የአገራችን የጋራዥ ቋንቋ ጣልያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ እያልን ነው መኪና የምንጠግነው። ፖምፓም ከዚያው የመጣ ነው፤ ውኃ የሚያዞረውም፣ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውም፣ በናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለው በእጅ የሚጫኑት ትንሹ ነገርም ሁሉም ፖምፓ ነው። የጃፓን መኪና፣ በጣልያንኛ ስም፣ በአማርኛ መልእክት፣ በእንግሊዝኛ ገበያ ሲፈለግ ቃሉ በየድንበሩ ጥቂት ትርጉም ይጥላል። ቶዮታ ለዚህ መድኃኒት አለው። እያንዳንዱ ዕቃ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት፣ የኋለኞቹ የትኛው ሞተር ወይም ሞዴል እንደሆነ ይለያሉ። ቁጥር ጣልያንኛም አማርኛም አይደለም። እኛ ግን በስም ተማመንን።

አዛውንቱ የነገሩኝ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። በማግሥቱ፣ በደባርቅ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ወንድሜ ስልኩን በሞተሩ ላይ ደግኖ አሳየኝ። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚወስዱበትን፣ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ቆርጦ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ቀጠለው። ሞተሩን ሲያዞረው ቱቦው ውስጥ ናፍጣ ብቻ ሊታይ ሲገባ ነጭ አረፋ እየተንከባለለ መጣ። አየር ነው። ከዚያ የመኪናውን መስመር ትቶ፣ ከፍ ካለ ቦታ ከተቀመጠ ጀሪካን ናፍጣው በቀጥታ ወደ ፖምፓው እንዲገባ አደረገ። መስመሩ ከአየር ሲጸዳ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ዋናው ፖምፓ ጤነኛ ነበር። ፊልትሮው ሲለወጥ የተነካካው የእጅ ፖምፓ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ሌሊቱን አየር ያስገባ ነበር፤ ናፍጣው ወደ ጋኑ ይመለስና ጠዋት ሞተሩ ባዶ መስመር ይጠባል።

ጥቁሩ ጭስስ? እርሱ ሌላ ጉዳይ ነበር። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ለመቃጠል ከሚያገኘው አየር መብለጡን፣ ነጭ ጭስ ናፍጣው ሳይቃጠል መውጣቱን ወይም ውኃ መግባቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የቧሂት ማለፊያ ደግሞ በ40 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ የለውም፤ ናፍጣው እንደ ቆላ ከመጣ አየሩ አይበቃውም። በዚህ ላይ የወንድሜ የአየር ማጣሪያ በበጋው አቧራ ታፍኖ ነበር። ማጣሪያው ሲለወጥ ጭሱ ቀነሰ፤ የቀረው የተራራው ድርሻ ነው። ጋራዡ ሁለት ምልክቶችን አይቶ አንድ በሽታ ሰይሞላቸው ነበር፤ ጠዋት አለመነሣትና ጥቁር ጭስ፣ ሲደመር የሞተ ፖምፓ። በምርመራ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያባብል ስህተት አላውቅም፤ አንድ ትልቅ ምክንያት ሁለት ትናንሽ ምክንያቶችን ሲውጥ መፍትሔ የተገኘ ይመስላልና።

የእጅ ፖምፓው ከሶማሌ ተራ በአውቶቡስ መጣ። ዋጋው እኔ ካወጣሁት ሃያኛ እጅ አይሞላም። መኪናው ግን ሰባት ሳምንት ቆሟል። በእነዚያ ሳምንታት አንዲት የጎረቤት ልጅ ምጥ ይዟት በእህል መጫኛ አይሱዙ ወደ ጎንደር ተወሰደች። እርሷም ልጇም በሰላም ተመለሱ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ስለ መንገዱ አልተናገረም፤ አይሱዙው ላይ የተነጠፈው ፍራሽ ከእርሱ ቤት የወጣ መሆኑን ብቻ ነው የጠቀሰው።

ከሁሉ የከበደኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። አንድ ሹፌር ጓደኛው፣ የእኔ ፖምፓ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ «አየር እየሳበ እንዳይሆን፣ የእጅ ፖምፓውን እየው» ብሎት ነበር። «ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለ። «እህት ዓለም፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ካወጣሽ በኋላ፣ ሌሊቱን ስታጥቢው አድረሽ፣ አይደለም ብዬ እንዴት ልንገርሽ?» አለኝ።

ይሉኝታ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ብሎ ማለፍ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ይሆናል። እኔም ያልጠየቅሁት በምክንያት ነው፤ መላክ ከመጠየቅ ይቀላል። ዕቃ ስልክ ርኅራኄዬ ይታያል፤ ስጠይቅ አለማወቄ ይታያል። ገንዘቡ ከአንድ ወገን ብቻ በሚመጣበት ግንኙነት ውስጥ ደግሞ እውነት ወደ ከፋዩ በቀላሉ አትመለስም። ተቀባዩ ስጦታውን ላለማሳነስ «መሰለኝ» ያለውን ጥርጣሬ ይውጠዋል። ላኪው የሚሰማው ምስጋናን ብቻ ይሆናል። በልማት ሥራ የተሰማራችሁ አንባቢያን ይህን ግንኙነት በሌላ ስሙ የምታውቁት ይመስለኛል፤ ሪፖርት የሚጻፈው ለገንዘብ ሰጪው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣሁት። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የእያንዳንዱን ውሳኔ ተገቢነት መከራከር ይቻላል። ድምር ውጤታቸው ግን አያከራክርም፦ አሮጌው መኪና በአዲስ የመተካት ተስፋው ርቋል፤ የመለዋወጫው የብር ዋጋም ንሯል። ኪልበርን በሕግ ያባረረችውን መኪና ደባርቅ በሕግ ጠብቃ ታኖረዋለች። ስለዚህ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የሚበረታው ጥያቄ የመኪና ግዢ ሳይሆን የጥገና ጥያቄ ነው፤ የጥገናም መጀመሪያው ዕቃ ሳይሆን ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ የማበረታቻው ሥርዓት ተገላቢጦሽ ነው። በብዙ ጋራዦቻችን መካኒክ የሚከፈለው ለፈታበትና ለገጠመበት እንጂ ለመረመረበት አይደለም። ግማሽ ቀን አስቦ «ምንም ዕቃ አያስፈልግም» የሚል ባለሙያ ከምስጋና በቀር የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ፖምፓ የሚቀይረው ግን ይከፈለዋል። ስለዚህ ዕቃ እየለዋወጡ በሽታውን መፈለግ የተለመደ ዘዴ ሆኗል፤ የተሳሳተው ዕቃ ዋጋ የሚወጣውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የጉምሩክ መዝገብ ደግሞ የሚያስፈልገውን ፖምፓና በግምት የተገዛውን ፖምፓ አይለይም፤ ሁለቱም «መለዋወጫ» ናቸው። ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መሻገሩም ከዚህ አያድነንም። ምልክትን ከምክንያት መለየት በባትሪና በሽቦ ዓለም ይበልጥ መሣሪያና ሥልጠና ይፈልጋል፤ በግምት የሚለወጠው ዕቃም ይበልጥ ውድ ነው።

በእኔ አመለካከት ሦስት ነገሮች ይቻላሉ። የመጭመቂያ ግፊት መለኪያ፣ የኖዝል መፈተሻና የኤሌክትሪክ ብልሽት ማንበቢያ የመሳሰሉት የምርመራ መሣሪያዎች ከመለዋወጫ ተለይተው ቀረጥ ሊቀልላቸው ይገባል፤ አንድ መለኪያ ብዙ አላስፈላጊ ፖምፓዎችን ያስቀራልና። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ምርመራን እንደ አንድ ራሱን የቻለ፣ የሚከፈልበት ሙያ ሊያስተምሩት ይገባል። ሦስተኛው የእኛ የላኪዎቹ ነው፦ ለዕቃው ከመክፈላችን በፊት ለምርመራው እንክፈል።

ዕቃ መላክ ከንቱ ነው እያልሁ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት የወንድሜ መኪና በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት አበራ፤ ይህ መብራት በተወሰነ ኪሎ ሜትር የሚበራ ማስታወሻ ነው። ያ ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ግምት አያስፈልገውም፣ ጊዜው ሲደርስ ይለወጣል። በ13568 የሚጀምረውን ቁጥር ከነሙሉ አሥር አኃዙ ወንድሜ ራሱ ከሳህኗ ፎቶግራፍ ጋር ላከልኝ፤ እኔ ዱባይ ላለ ነጋዴ በካርዴ ከፈልሁ፤ ዕቃው በቀጥታ አዲስ አበባ ደረሰ። በኪልበርን በኩል አላለፈም። እኔም አላጠብሁትም።

ዛሬ ከሁለታችን መካከል አንድ ስምምነት አለ። አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ አምስቱን ጥያቄዎች እጠይቃለሁ፤ እርሱ መርምሮ እስኪመልስ ድረስ ገንዘብ አልልክም፤ የሚመረምርለትን ሰው የግማሽ ቀን ደመወዝ ግን በዚያው ቀን እልካለሁ። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር፤ ገንዘብ የጠፋኝ መሰለው። አሁን ግን በሚልክልኝ መልእክት ውስጥ «መሰለኝ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይጽፋል፤ እኔም ቃሏን አልዘልላትም።

የ640 ፓውንዱ ፖምፓ ደባርቅ ቤቱ ውስጥ አለ። ሊሸጠው ሞክሮ ነበር፤ ባለቱርቦውን የሚፈልግ አልተገኘም። በነፋስ የሚዘጋውን የጓዳ በር ይደግፍበታል።